«ለተራበ ልጅ ደረሰኝ ምን ይሠራለታል?» እና ሌሎች ስለ በጎ አድራጎት ድርጅት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጎንደር ውስጥ ሰው አስተባብሮ መርዳት ከባድ አይደለም። ፒያሳ አንዱ ካፌ ቁጭ ብላችሁ የታመመ ልጅ ጉዳይ አንሱ፤ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ የሆነ ብር ይሰበሰባል። ችግሩ የሚጀምረው ያ ቅን ሥራ ማኅተም ያለው ድርጅት ሲሆን ነው።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ የትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ አስተካክላለሁ፤ ክፍያዬ ብዙ ጊዜ ቡና ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌባ ብዙ አልገጠመኝም። የገጠመኝ ድርጅቱን እንደ ኪሱ የሚይዝ ደግ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ከሌባው በላይ ያደክማል፤ ሌባን ትቆጣዋለህ፣ ደግን ሰው ምን ትለዋለህ? ከእነዚህ ደጎች አፍ ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች ላንሳ። የምጠቅሰው በዋናነት የፌዴራሉን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን ነው። ሕግ ይሻሻላልና ከመጀመራችሁ በፊት የወቅቱን ቅጂ እዩ።

«ለበጎ ሥራ ምን ምዝገባ ያስፈልጋል? እድራችን ተመዝግቦ ነው እንዴ?»

እድር በዚህ አዋጅ አይገዛም። እቁብም እንደዚያው፣ ሌሎች መሰል ባህላዊና ሃይማኖታዊ ማኅበራትም። አዋጁ ራሱ ለይቶ ያወጣቸዋል። እናንተ ግን በድርጅት ስም ሠራተኛ ልትቀጥሩ፣ ከረጂ ጋር ውል ልትፈርሙ፣ በድርጅቱ ስም የባንክ ሒሳብ ልትከፍቱ ካሰባችሁ እድር አይደላችሁም። ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋችኋል፣ እሱ የሚገኘው በምዝገባ ነው።

የት? እዚህ ላይ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ሳምንት ሙሉ የሆቴል ከፍሎ ይመለሳል። ሥራችሁ አማራ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትመዘገቡት በክልሉ ነው። በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎች የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም ድርጅቱ የተቋቋመው አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ከሆነ፣ ያኔ የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ትሄዳላችሁ። የውጭ ድርጅትም እዚያው ነው የሚመዘገበው።

በነገራችን ላይ፣ እድርን እንደ ኋላ ቀር ነገር የሚያዩ ሰዎች ይገርሙኛል። የእኛ ሰፈር እድር በየወሩ ሰው ፊት ሒሳብ ያነባል። ያልመጣ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ብር አያወጣም። እንዲህ የሚያደርግ ስንት ሎጎ ያለው ድርጅት ታውቃላችሁ?

«ከውጭ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው»

ይኼ የድሮ ቁስል ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 «የኢትዮጵያ» ተብሎ የተመዘገበ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር። በመብትና በዴሞክራሲ ዙሪያ መሥራት የሚፈቀደው ደግሞ ለእነዚያ ብቻ ስለነበር ብዙዎቹ ያኔ ዘጉ፣ የቀሩትም ሥራቸውን ቀየሩ። የ2011ዱ አዋጅ ያንን ገደብ አንስቶታል። ሰው ግን ድሮ የሰማውን ይዞ ቀርቷል።

አሁን የሚያስቸግረው ገንዘቡ የሚገባበት በር ነው። ዴንቨር ወይም ዋሽንግተን ያለ የጎንደር ልጅ ለሕፃናቱ ብሎ ብር ይልካል። በማን ስም? በሥራ አስኪያጁ የግል ሒሳብ። «ባንክ ሰልፍ አለ፣ የድርጅቱ ቼክ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፣ በኔ ይግባና እኔ አወጣዋለሁ» ይባላል። ሰውዬው አንዲት ሳንቲም አልነካም እንበል። ነገ እሱ ቢሞትስ? ገንዘቡ የሚስቱና የልጆቹ ውርስ ይመስላል። ቢፋታስ? ግብር ሰብሳቢው መጥቶ «ይኼ ሁሉ ገቢ ከየት ነው?» ቢለውስ? መልሱን የሚያውቀው እግዜርና እሱ ብቻ ነው።

«ለተራበ ልጅ ደረሰኝ ምን ይሠራለታል?»

ይህችን ጥያቄ የጠየቀችኝ እትዬ የምንላት የአንድ ድርጅት መሥራች ናት። ለበዓል ለ40 ቤተሰብ ጤፍ፣ ዘይትና በርበሬ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ በራሷ ትከሻ ተከራክራ ገዝታለች። ከሱቅ ብትገዛ ይወደድ ነበር፣ እውነቷን ነው። ሒሳቡ ግን የመጣልኝ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ተጽፎ ነው። ጤፍ ይኼን ያህል፣ ተሸካሚ ይኼን ያህል፣ ባጃጅ፣ ታች ላይ ደግሞ «ልዩ ልዩ»።

ልዩ ልዩ ምንድን ነው እትዬ?

«እኔ እንጃ፣ ውሃ ጠጥተን ይሆናል።»

ሳቅኩ። ግን ኦዲተር አይስቅም። ከገበሬ ስትገዙ የታተመ ደረሰኝ እንደማይገኝ ማንም ያውቃል፤ መፍትሔው ሰነድ መተው አይደለም። የግዥ ሰነድ አዘጋጁ፦ ቀን፣ የሻጩ ስም፣ የመጣበት ቀበሌ፣ ስንት ኪሎ በስንት ብር፣ የሻጩ ፊርማ ወይም አሻራ፣ ከዚያ አብረው የሄዱ ሁለት ሰዎች ይፈርሙ። ከተቻለ የመታወቂያውን ፎቶ በስልክ አንሱ። የግብር ቢሮው እንዲህ ላለ ግዥ የሚቀበለው ሰነድ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዕቃው ሲከፋፈል ደግሞ ተቀባዮቹ የሚፈርሙበት ዝርዝር ይኑር። እትዬ አሁን ይህን ሁሉ የምታደርገው ሰማያዊ ካርቦን ባለው ጥራዝ ነው፣ ገበያ ስትሄድ ዘንቢሏ ውስጥ አለ። ሻጮቹ መጀመሪያ «ሚስኪን ነን፣ ምን ልታስፈርሚን ነው» ብለው ሸሽተዋት ነበር፤ ለምደዋል።

«የአስተዳደር ወጪ 20 በመቶ ከሆነ ደመወዝ መክፈል አንችልም»

የማይገባኝ ነገር፣ ይኼን የሚሉት ብዙ ጊዜ አዋጁን ገልጠው ያላዩ ሰዎች ናቸው። 20 በመቶው ከጠቅላላ ገቢ የማይታለፍ ጣሪያ ነው፣ የሚመለከተውም የአስተዳደር ወጪን ብቻ ነው። የአስተዳደር ወጪ ማለት ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ ድርጅቱ እንዲኖር ግን የግድ የሚያስፈልግ ወጪ ነው። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት፣ የባንክ አገልግሎት፣ የኦዲት ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ የጠበቃ ክፍያ። ቅጣትም እዚያው ይቆጠራል፣ ይቺን ልብ በሉ፤ ስታጠፉ የምትቀጡት ከዚያችው ከጠባቧ ኪስ ነው። ለልጆቹ መድኃኒት የምትሰጠው ነርስ ደመወዝ ግን የፕሮጀክቱ ወጪ ነው።

በቁጥር እንየው። ዓመታዊ ገቢያችሁ 1,500,000 ብር ነው እንበል። 20 በመቶው 300,000 ብር ይሆናል። ቢሮ በወር 12,000 ብር ተከራያችሁ፣ በዓመት 144,000። የግማሽ ቀን ሒሳብ ሠራተኛ በወር 6,000፣ በዓመት 72,000። ለኦዲተር 40,000 እንበል። ድምሩ 256,000 ደረሰ። ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለስልክና ለባንክ የቀራችሁ በዓመት 44,000 ብር ነው፣ በወር 3,700 ገደማ። ጠባብ ነው፣ አልዋሽም። ግን ይቻላል። የማይቻለው «ሁሉንም ፕሮጀክት ውስጥ እንክተተው» ብሎ የሥራ አስኪያጁን የመስክ ያልሆነ ነዳጅ የልጆች ትምህርት በሚል ርዕስ መጻፍ ነው። ይህን አንዴ ያደረገ ድርጅት አውቃለሁ፣ ለማስተካከል ከፈጀብን ጊዜ ይልቅ ለረጂው ለማስረዳት የፈጀው ይበልጣል።

«ትርፍ አልባ ስለሆንን ግብር አይመለከተንም»

ይመለከታችኋል። ሠራተኛ ካላችሁ የደመወዝ ግብር ቆርጣችሁ ታስገባላችሁ፤ ገንዘቡ የሠራተኛው ነው፣ ባታስገቡት የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው። ዕቃ ስትገዙ እንደማንኛውም ገዢ ተጨማሪ እሴት ታክስ ትከፍላላችሁ። ጡረታም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ ድርጅቱ 11 በመቶ ያዋጣል። 10,000 ብር የሚከፈላት ነርስ ብትኖራችሁ በየወሩ 700 ከእሷ፣ 1,100 ከእናንተ፣ በድምሩ 1,800 ብር ነው። በዓመት 21,600። አራት ሠራተኛ ይኑራችሁና ሁለት ዓመት ተኙበት፤ 172,800 ብር ዕዳ ሆኖ ጠዋት በር ላይ ይጠብቃችኋል፣ ቅጣቱን ሳንጨምር።

«ፈቃደኛ ናት» የሚባለውም ዘዴ አያዋጣም። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ገብታ አሥራ አንዱ ተኩል ላይ የምትወጣ፣ ወር ሲደርስ ብር የምትቀበል ልጅ «በጎ ፈቃደኛ» ብትሏት ባትሏት ሠራተኛ ናት።

«ንግድ ክልክል ነው»

አይደለም። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ኩባንያ አቋቁሞም ሆነ አክሲዮን ገዝቶ። የንግድና የግብር ሕጉን ትከተላላችሁ፣ የተገኘው ደግሞ ለድርጅቱ ዓላማና ወጪ ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። በቃ።

«ቦርዱ የስም ነው፣ የሚሠራው ሥራ አስኪያጁ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከላይ ያልኩት ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። አንድ ጊዜ ማራኪ አካባቢ ወዳለ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። የቦርዱ ሰብሳቢ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። መሳቢያው ሲከፈት የቼክ ጥራዙ ወጣ፤ አሥር ባዶ ቼክ በተከታታይ ተፈርሟል። ቀን የለው፣ የብር መጠን የለው፣ ፊርማ ብቻ።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ልከርም ስለነበር ነው ልጄ። ሥራ እንዳይቆም ብዬ።»

ሥራ አልቆመም። ግን ሁለት ፊርማ ማለት አንዱ ሌላውን ያያል ማለት ነበር፤ ጋሼ ያዩት ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁ ንጹሕ ሰው ሆኖ ነው እንጂ በአሥሩ ቼክ የድርጅቱን ሒሳብ ባንድ ቀን ባዶ ሊያስቀረው ይችል ነበር፣ ተጠያቂው ደግሞ የፈረሙት ጋሼ ናቸው። ቃለ ጉባኤውን ጠየቅኩ። የልጅ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት። የመጨረሻው ስብሰባ የተጻፈው ከአሥራ አራት ወር በፊት ሲሆን ሙሉ ይዘቱ «በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ተወያይተን በስምምነት ተለያይተናል» ይላል። (ልዩ ልዩ አሁንም እዚህ አለች።)

ቦርድ ማለት በጀት የሚያጸድቅ፣ ሒሳብ የሚሰማ፣ ሥራ አስኪያጁን የሚጠይቅ፣ ካልሆነም የሚያነሳ አካል ነው። ቃለ ጉባኤው ውስጥ ማን ተገኘ፣ ምን ቀረበ፣ ማን ተቃወመ፣ ምን ተወሰነ፣ በስንት ብር የሚለው ይግባ። ኪራይ የምትከፍሉበት ቤት የቦርድ አባሉ የእህቱ ባል ቤት ከሆነ፣ ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ ይህ መሆኑ አይቀርም። ዝም ማለት ግን አይቻልም። አባሉ ዝምድናውን ይናገር፣ ሲወሰን ከክፍሉ ይውጣ፣ የሌሎች ሁለት ቤቶች ዋጋም ይቅረብ፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ። ያኔ ማንም መጥቶ ቢያወራ ደብተሩ ይመልስለታል።

«ሪፖርት የሚላከው ሲጠይቁን ነው»

የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ነው፣ የሥራውም የሒሳቡም። በጀታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ መስከረም መጨረሻ ማለት ነው። ኦዲተር መስከረም 20 ላይ መፈለግ የበዓል ዋዜማ ዶሮ እንደመፈለግ ነው። ሐምሌ ላይ ጥሩት።

«ለአንድ በሽተኛ ለማሰባሰብ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?»

ለጓደኛ ከጓደኛ መጠየቅ ሌላ ነው። ከሕዝብ ማሰባሰብ ግን፣ ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ በር ሣጥን ይዞ መቆምም ሆነ ቲክቶክ ላይ የሒሳብ ቁጥር መለጠፍ፣ የሚገዛው ሕግ አለ። አዋጁ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሚለው አለ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ከሕዝብ ለመሰብሰብ የሚያቋቁሙት፣ ፈቃድ ተሰጥቶት የሚሠራ። ሣጥኑን ከማሠራታችሁ በፊት መዝጋቢውን ጠይቁ።

«ድርጅቱ ከተዘጋ ንብረቱ የመሥራቾቹ ነው»

ባለፈው አንድ የሴቶች ሥልጠና ድርጅት ሲዘጋ ነበርኩ። ስድስት የልብስ ስፌት ማሽን፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሣጥን። መሥራቿ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማሽኖች በራሷ ብር ነው የገዛችው። በስጦታ ለድርጅቱ ገቢ ሲደረጉ የፈረመችበት ወረቀት አለ፣ እኔው ነኝ ያስፈረምኳት። ሕጉ ንብረቱ ለአባላትም ለመሥራቾችም አይከፋፈል ይላል፤ ዕዳ ተከፍሎ የተረፈው ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት ይተላለፋል። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አንዷን እንኳ?» አለችኝ። አንዷንም። ማሽኖቹ አዘዞ ላለ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራ ድርጅት ሄዱ፣ ርክክቡ ላይ የስድስቱም መለያ ቁጥር አንድ በአንድ ተነበበ። አንደኛዋ ላይ ስትደርስ «እሷ ፔዳሏ ይጠብቃል፣ ዘይት አድርጉላት» ብላ ፈረመች።