«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሲባል

ሙሽሮች ሲመረቁ «ውለዱ፣ ክበዱ» ይባላሉ። ዓመት ሳይሞላ «ምነው፣ እስካሁን ምንም የለም እንዴ?» ይከተላል። ባል ኑሮው እንዳስፈራው ቢናገር፣ የአንዷ አክስት መልስ አፋቸው ላይ ነው፦ «አይዞህ ልጄ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል!»

የሚወለደው ልጅ እንጀራውን ይዞ ይመጣል፤ ወላጅ አስቀድሞ አይጨነቅ ማለታቸው ነው። አባባሉ የወጣበት ኑሮም ሩቅ አይደለም። ልጅ ከብት ጠባቂ፣ ውሃ ቀጂ፣ ኋላም ጧሪ ቀባሪ ነበር። ሞቱም ብዙ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በዚህ ሒሳብ ብዙ መውለድ ሞኝነት አልነበረም። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። አባባሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

እኔን የሚከነክነኝ አባባሉ የማያነሳው ነገር ነው፤ የእናትየዋ ዕድሜ። ስለ ሕዝብ ብዛት ሲወራ ሁሉም «ስንት ወለደች?» ይላል። «መቼ አገባች?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እስቲ እንቁጠረው። አንዲት ሴት በ16 አግብታ በ17 ወለደች እንበል። ልጇም፣ የልጅ ልጇም እንዲሁ። በ51 ዓመቷ ቅድመ አያት ሆነች። በ25 መውለድ የጀመረችው በ50 ዓመቷ ገና አያት ናት። ሁለቱም አራት አራት ልጅ ቢወልዱ እንኳ፣ በመጀመሪያዋ ቤት ትውልዱ ቶሎ ቶሎ ይደራረባል፤ የሕዝቡም ዕድገት ይፈጥናል። ደግሞ ቀድማ ያገባችው ለመውለድ የምትችልበት ዘመን ረዘም ያለ ስለሆነ፣ አራት ላይ ማቆሟም አጠራጣሪ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15፣ ወንድ በ18 እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። እንዲያም ሆኖ በ2008ቱ ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ድረስ አግብተው ነበር። እርግጥ ብዙዎቹ አዲሱ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የተዳሩ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ይኸው ዕድሜ ወደ 24 ይጠጋ ነበር። ትምህርቱ፣ ሥራ ፍለጋው፣ የቤት ኪራዩ ሠርጉን ይገፋዋል፤ ሰፈሩ «ቆማ ቀረች» ቢልም። በከተማዋ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ሲሆን በአገር ደረጃ 4.6 ነበር።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ በጋብቻ ዕድሜ አለቀ ማለት አይደለም። በአማራ ክልል ሴቶች ከየትኛውም ክልል ቀድመው፣ 16 ዓመት ገደማ ላይ ያገቡ ነበር። የሚወልዱት ግን በአማካይ 3.7 ነበር። ሶማሌ ክልል ላይ ከእነሱ ዘግይተው እያገቡ 7.2 ይወልዱ ነበር። የልዩነቱን ትልቅ ድርሻ የያዘው የወሊድ መከላከያ ነው። በአማራ ክልል ባለትዳር ከሆኑት ሴቶች ግማሽ የሚጠጉት ይጠቀሙ ነበር፤ በሶማሌ ክልል ከመቶ ሁለት አይሞሉም።