ሞሩንግ ምንድን ነው?

ወደ ናጋላንድ የሚወስድ የጉብኝት ፕሮግራም ካያችሁ አንድ ቃል እየተመላለሰ ይመጣል። ጠዋት ሞሩንግ ማየት። ከምሳ በኋላ ሌላ መንደር፣ እዚያም ሞሩንግ። ከቃሉ ጎን አብዛኛውን ጊዜ «የወንዶች ማደሪያ» ተብሎ ይጻፋል። አልተሳሳቱም። ግን የቆሎ ትምህርት ቤትን «ልጆች የሚያድሩበት ጎጆ» ብሎ እንደማስረዳት ነው። ማደሩ እውነት ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ቀርቷል።

መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። ናጋላንድ በህንድ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ምያንማር ድንበር ላይ ያለች ተራራማ ክልል ናት። ራሷን የቻለች የህንድ ክልል የሆነችው በ1963 ነው። እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ዋና ከተማዋ ኮሂማ ትባላለች። «ናጋ» የአንድ ነገድ ስም አይደለም። አንጋሚ፣ አኦ፣ ሎታ፣ ሱሚ፣ ኮንያክ እያለ የሚቀጥል የብዙ ሕዝቦች የጋራ መጠሪያ ነው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ገበያ ላይ የሚያግባባቸው ናጋሚዝ ነው፤ ከጎረቤት ክልል ከአሳም ቋንቋ፣ ከአሳምኛ ተነስቶ ተራራው ላይ መልኩን የቀየረ ቋንቋ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ ይሠራል። ናጋዎች ከክልሉ ውጭም አሉ፤ በማኒፑር፣ በአሩናቻል ፕራዴሽ፣ በአሳም፣ ድንበሩን ተሻግሮም በምያንማር።

ሞሩንግ የሚለው ስም እንኳ የእነሱ አይደለም። ከአሳም ሜዳ የመጣ ቃል ነው። አኦዎች አርጁ ይሉታል። ሎታዎች ቻምፖ፣ አንጋሚዎች ኪቹኪ። የውጭ ሰውና አስጎብኚ ግን ሁሉንም ሞሩንግ ብሎ ይጨርሰዋል። እኔም እዚህ እንደዚያው አደርጋለሁ፤ እናንተ ግን አኦ መንደር ከገባችሁ «አርጁ» በሉ። የባለቤቱን ስም መጥራት ደስ ያሰኛል።

ናጋዎች መንደር የሚቆረቁሩት ተራራ አናት ላይ ነው። ውሃ ለመቅዳት ወርዶ መውጣት አለ። ነገር ግን ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። ሞሩንጉ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ መንደሩ በር አጠገብ ወይም መንገዱ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ ነው። ምክንያቱም እዚያ የሚያድሩት ጎረምሶች የመንደሩ ዘብ ናቸው። ሌሊት ኮሽ ካለ ጦራቸው አጠገባቸው ነው፣ ጓደኞቻቸውም እዚያው ናቸው። የቤት ለቤት ቅስቀሳ አያስፈልግም።

ትልቅ መንደር በአንድ ሞሩንግ አይወሰንም። መንደሩ በሰፈር የተከፈለ ነው፤ ሰፈሩን ኬል ይሉታል። ኬሎቹ በየፊናቸው ይሠራሉ፣ ይፎካከራሉም። የማን ጣሪያ ከፍ አለ? የማን ምሰሶ ተቀረጸ? በተለይ ኮንያኮች ዘንድ ምሰሶውና አግዳሚው ሙሉ ነብር፣ ዝሆን፣ የሰው ራስና ሆርንቢል የሚባለው መንቁረ ትልቅ ወፍ ይቀረጽበታል። ጣሪያው በዘንባባ ቅጠል ይከደናል፤ ፊት ለፊቱ ወደ ውጭ ገፋ ብሎ በሩን ያለብሰዋል። ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው። ምድጃው መሃል ላይ ነው፣ እንጨቱ ሁሉ በጭስ ጠቁሯል። አልጋ ብላችሁ ፍራሽ አትጠብቁ፤ ሳንቃ ነው።

አሁን ከበሮው ጋ ቆም እንበል፣ እኔ በዚህ ሁሉ መካከል የሚገርመኝ እሱ ነው። ከበሮ ስል ቆዳ የተወጠረበት አይምሰላችሁ። አንድ ግዙፍ ዛፍ ይቆረጥና ግንዱ እንዳለ በጎኑ ተጋድሞ ከላይ በኩል ይቦረቦራል። ስንጥቁ ጠባብ ነው፣ ሆዱ ግን ባዶ ነው። ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ የእንስሳ ራስ ይቀረጻል። ዛፉ የሚገኘው ደን ውስጥ ስለሆነ ግንዱን እስከ መንደሩ መጎተት የሰፈሩ ሁሉ ሥራ ነው፤ ሐረግ ታስሮ፣ እየተዘፈነ፣ ዳገቱን። ሲመታ ደግሞ አንድ ሰው አይበቃውም። ወንዶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው በእንጨት ዘነዘና መሳይ ነገር በአንድ ምት ይወርዱበታል። ድምፁ ሸለቆውን ተሻግሮ ሌላ መንደር ይሰማል። ምቱም ዝም ብሎ ምት አይደለም። ለእሳት፣ ለጠላት፣ ለትልቅ ሰው ሞት፣ ለበዓል የየራሱ አለው። እርሻ ላይ ያለች ሴት ጎንበስ እንዳለች ሰምታ መንደሩ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ታውቃለች።

ማደሩስ? ወንድ ልጅ 12 ዓመት አካባቢ ሲሆነው ከእናቱ ቤት ይወጣል። ቀን ቤተሰቡ ጋ ይሠራል፣ ይበላል፤ ማታ ሞሩንግ ይገባል። አኦዎች ጋ ልጆቹ በዕድሜ ተርታ ይመደባሉ። የመጨረሻው ተርታ ማለት ተላላኪ ነው፤ ውሃ ይቀዳል፣ ማገዶ ይለቅማል፣ ምድጃውን ያነዳል፣ የትልልቆቹን እግር ያሻል። ካጠፋ ይቀጣል። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ እሱ ከፍ ይላል፣ አዲስ ተላላኪ ይመጣለታል። ቦርዲንግ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስታውሰው ነገር አያጣም።

ልዩነቱ ትምህርቱ ላይ ነው። መጽሐፍ የለም፤ ናጋዎች ፊደል ያገኙት ከሚሲዮናውያን ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሕግ፣ የመሬቱ ወሰን፣ የዘር ሐረጉ፣ ከየትኛው መንደር ጋር ደም እንዳለ፣ ከየትኛው ጋር ቃል ኪዳን እንዳለ፣ ሁሉም በዘፈንና በተረት ማታ ማታ ምድጃው ዙሪያ ነው የሚተላለፈው። ቅርጫት መሥራትም፣ ጦር መወርወርም እዚያው ነው። በአንድ ተርታ የገቡት ልጆች የዕድሜ ልክ ጓዶች ይሆናሉ። እርሻ ሲታረስ አብረው ያርሳሉ፣ የአንዱ ቤት ቢቃጠል አብረው ይሠሩለታል። ወጣቱ ሲያገባ የራሱን ቤት ይሠራና ይወጣል።

ሴቶቹ ይህ ቤት አይመለከታቸውም ነበር። ብዙ ቦታ ወደ ወንዶቹ ሞሩንግ መግባት ነውር ነበር። አኦዎች ጋ ልጃገረዶች አንድ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ቤት ተሰብስበው ያድሩ ነበር፤ መሸመንና ዘፈን የሚማሩት እዚያ ነው። ጎረምሶቹም ማታ እየመጡ ከውጭ ይዘፍኑላቸው ነበር። የጉብኝት ፕሮግራሞች ስለዚህኛው ቤት ብዙ አያወሩም። ያሳዝናል፤ ዛሬ ናጋ ሁሉ ትከሻው ላይ የሚጥለው ቀይና ጥቁር ሻል ከሴቶቹ እጅ የወጣ ነው።

ኮንሶን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ጋ ሳይደርስ አልቀረም። እዚያም ያላገቡ ወንዶች የሚያድሩበትና መንደር የሚጠብቁበት የጋራ ቤት አለ፤ ስሙም ሞራ ነው። የስሙ መመሳሰል ግጥምጥሞሽ ነው፣ ምንም አትገንቡበት። ግን ተራራ ላይ ተሰብስቦ የሚኖር ሕዝብ ጎረምሳውን የት ላሳድረው ብሎ ሲያስብ ተመሳሳይ መልስ ላይ መድረሱ ደስ ይላል።

እሺ፣ የራስ ቅሉ ነገር። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው እሱን ነው። አዎ፣ ናጋዎች የጠላትን ራስ ቆርጠው ያመጡ ነበር፤ የሚቀመጠውም ብዙ ቦታ ሞሩንግ ውስጥ ነው። የገደለ ኮንያክ ፊቱ ላይ ይነቀስ ነበር። ልማዱ እስከ 1960ዎቹ ድረስ አልፎ አልፎ ይሰማ ነበር፣ አሁን የለም። ፊታቸው የተነቀሰ ሽማግሌዎች የኮንያኮች አገር በሆነው በሞን አውራጃ ጥቂት ቀርተዋል። አስጎብኚዎች «የመጨረሻዎቹ ራስ ቆራጮች» እያሉ ይሸጧቸዋል። እኔን ይቀፈኛል። ሰውዬው ምድጃው ዳር ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ ሌንስ አፍንጫው ላይ ይደቀንበታል። ካሜራ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ትንሽ ነገር ነው።

ከቅሎቹ ሁሉም መንደር ውስጥ አልቀሩም። በቅኝ ግዛት ጊዜ ብዙ ነገር ወደ እንግሊዝ ተጉዟል። ኦክስፎርድ ያለው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም በሺዎች የሚቆጠር የናጋ ዕቃ ይዟል፣ የሰው አጽምም አለበት። ናጋዎች ከ2020 ወዲህ አያቶቻችን ይመለሱልን ብለው እየተነጋገሩ ነው። በኦክቶበር 2024 ደግሞ እዚያው እንግሊዝ አገር አንድ የሐራጅ ድርጅት ቀንድ የተሰካበት የናጋ የራስ ቅል ለሽያጭ አቀረበ። ናጋላንድ ውስጥ ቁጣው ሲነሳ ከሐራጁ ወጣ።

ሞሩንጉን ባዶ ያደረገው ምንድን ነው? ቢያንስ ሁለት ነገር። በ1872 ኤድዊን ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ባፕቲስት ሚሲዮናዊ ወደ አኦዎች ወጣ። ሚሲዮናውያኑ ሞሩንግ ውስጥ ያዩት የራስ ቅል፣ የሩዝ ጠላና የመናፍስት ሥርዓት ነው። የተጠመቀ ልጅ እዚያ እንዳያድር ከለከሉ። በምትኩ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን መጣ። በ2011 ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ 88 በመቶ ያህሉ ክርስቲያን ነው፤ አብዛኛው ባፕቲስት። ሁለተኛው ጦርነቱ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በናጋ ታጣቂዎችና በህንድ ጦር መካከል በተደረገው ውጊያ ብዙ መንደር ተቃጠለ፣ ሞሩንጉም አብሮ። ኮንያኮች ክርስትናን የተቀበሉት ዘግይተው ስለሆነ አሮጌ ሞሩንግ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ሞን የሚሄደው ለዚህ ነው።

እዚያ ስትሄዱ ሎንግዋ ይወስዷችኋል። የአለቃው ቤት መሃል የህንድና የምያንማር ድንበር ያልፋል። አለቃውን አንግ ይሉታል። እንጀራ ሲበላ አንድ አገር፣ ሲተኛ ሌላ አገር ብንል ያምርብን ነበር፣ ግን ምግባቸው ሩዝ ነው። አንዳንድ ጎብኚ ይህን ቤት ሞሩንግ ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። አይደለም፤ ሰውዬው ከነቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ነው።

ብዙ ሰው ግን ሞሩንግ የሚያየው ኪሳማ ነው። ኪሳማ ከኮሂማ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተሠራ የባህል መንደር ነው። በ2000 የተጀመረው የሆርንቢል ፌስቲቫል በየዓመቱ ከዲሴምበር 1 እስከ 10 ይከበርበታል። ነገዶቹ በየራሳቸው አሠራር የሠሩት ሞሩንግ እዚያ ተደርድሯል። ማንም አያድርበትም። ቀን ጭፈራ፣ ማታ ኮንሰርት ነው። «የቱሪስት ሞሩንግ» ብሎ ማጣጣል ይቻላል፣ እኔ ግን አላጣጥለውም። ገብታችሁ ምድጃው ዳር ተቀመጡ። በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ከቀርከሃ ቡቃያ ጋር ይመጣላችኋል። ንጉሥ ሚርች የሚሉት ቃሪያ አለ፤ በሚጥሚጣ ያደገ ሰው እንኳ ቀስ ብሎ ይጀምር። ዙቶ የሚባለው የሩዝ ጠላም በቀርከሃ ይቀዳል። ክልሉ ከ1989 ጀምሮ በሕግ አልኮል የተከለከለበት መሆኑን እያወቃችሁ ጠጡ። ከጎናችሁ የተቀመጡት ደግሞ ቱሪስቶች ብቻ አይደሉም፤ የዚያው ነገድ ሰዎች ከከተማ መጥተው ወሬ ይቀባበላሉ። ሰው ምድጃ ዳር ተሰብስቦ በራሱ ቋንቋ ሲያወራ፣ ከድሮው ሥራ ቁራሹ ተርፏል ማለት ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ ፈቃዱን አስቀድሙ። ህንዳዊ ራሱ ከክልሉ ውጭ ከመጣ ኢነር ላይን ፐርሚት የሚባል ወረቀት ያስፈልገዋል፤ መነሻው እንግሊዞች በ1873 ያወጡት ደንብ ነው። ለውጭ ዜጋ ደግሞ ላልቶ የነበረው የተከለለ አካባቢ ፈቃድ በዲሴምበር 2024 ተመልሷል። መንደር ስትገቡ ለአስጎብኚው «ስንት ዓመቱ ነው?» ከማለት «እዚህ አድሮ የሚያውቅ ሰው አለ?» በሉት። ካለ፣ ብዙ ጊዜ ቤቱ ቅርብ ነው። ግንዱን ከበሮ ደግሞ ለፎቶ ብላችሁ አትምቱት። ሸለቆው ማዶ ያለ ሰው ምን ሆነ ብሎ ቀና ይል ይሆናል።