የልብስ ማድረቂያ የአየር ማውጫ ቱቦ ምንድን ነው?

ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ፣ የታጠበ ልብስም ገመድ ላይ አልደርቅ ሲል ያው ምክር ይመለሳል፦ «ደሴ ብርድ ነው፤ ማድረቂያው የሚተፋውን ሙቀት ደጅ ከምትጥሉ ሳሎን ውስጥ ልቀቁት።» መካሪው የማድረቂያውን እርጥብ አየር ወደ ደጅ የሚያወጣውን ቱቦ የሙቀት መጣያ አድርጎ ነው የሚያየው። ቱቦው ግን በዋናነት ውኃ ማውጫ ነው። 5 ኪሎ ልብስ ተጨምቆ ከማጠቢያው ሲወጣ 3 ሊትር ገደማ ውኃ እንደያዘ ነው። ይህ ውኃ ይተናል እንጂ አይጠፋም። ሳሎን ከተለቀቀ መስኮቱ ያልበዋል፣ ግድግዳው ይሻግታል። ወደ ኮርኒስ የሚለቁት ደግሞ ይብሳሉ፤ ማታ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ከሥሩ ይንጠባጠባል፣ ባለቤቱም ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎት ቆርቆሮ ያስቀይራል።

(ኮንደንሰርና ሂት ፓምፕ የሚባሉት የማድረቂያ ዓይነቶች ይህ ቱቦ የላቸውም፤ ውኃውን በራሳቸው መያዣ ያጠራቅማሉ ወይም ወደ ፍሳሽ ይልካሉ። ግድግዳ ከመብሳትዎ በፊት ማሽኑ ክብ የአየር መውጫ አፍ እንዳለው ያረጋግጡ።)

ከውኃው ጋር የልብስ ብናኝም ይወጣል። ማጣሪያው ሁሉንም አይይዝም፤ ጋቢና ፎጣ ደግሞ ብናኝ አይሰስቱም። የቦርከና ወንዝ ዳር ገበሬ ነገሩን ከቦዩ ያውቀዋል፦ ውኃው ጉልበት ያጣበት ቦታ ደለል ይተኛል። አየሩም እንደዚያው ነው። ቦዩ በረዘመና በታጠፈ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። የተሸበሸበ የፎይል ቱቦ ድንጋይ የበዛበት ቦይ ነው፤ በየሽብሽቡ ብናኝ ያስቀራል። «አይጥ እንዳይገባ» ተብሎ አፉ ላይ የሚወጠረው ወንፊትም መውጫው ላይ እሾህ እንደ መከመር ነው፤ ብናኙ እዚያው ተሰብስቦ ይደፍነዋል። ደለል ግን እሳት አይይዝም፤ ደረቅ ብናኝ ይይዛል። የፒቪሲ ፍሳሽ ቱቦ «ይበቃል» የሚለውን የማልቀበለውም ለዚህ ነው።

የሚያስፈልገው 10 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያለው፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የአሉሚኒየም ወይም የላሜራ ቱቦ ነው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ፣ የአምራቹ መመሪያ ሌላ ካላለ፣ ርዝመቱን 10.7 ሜትር ላይ ይገድባል። ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ የ90 ዲግሪ ኤልቦ (መታጠፊያ) 1.5 ሜትር፣ ለ45 ዲግሪው 75 ሴንቲሜትር ገደማ ይቀነሳል። ስለዚህ ማሽኑን ከውጭው ግድግዳ ጋር ማስጠጋት ከማንኛውም ብልሃት ይበልጣል።

ቀዳዳው ከቱቦው በጥቂቱ ይስፋ፤ ቱቦው ዝናብ እንዳይመልስ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል። ሁለት ቱቦ ሲጋጠም፣ ውስጥ የሚገባው ጫፍ አየሩ ወደሚሄድበት ይዙር። መገጣጠሚያውን በአሉሚኒየም ቴፕ ያሽጉ፤ ወደ ውስጥ የዘለቀ ብሎን ብናኝ ያጠምዳል። ከወጥ ቤት ጭስ መሳቢያ ጋር በፍጹም አይቀጠል፤ ቅባትና ብናኝ ሲገናኙ ውጤቱ ግልጽ ነው። ውጭ ያለው አፍ አየር ሲገፋው የሚከፈት፣ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ይኑረው፤ ከመሬት ቢያንስ 30፣ ከመስኮትና ከበር 90 ሴንቲሜትር ይራቅ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ማራገቢያውም ይደክማል፤ ቮልቴጁ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በጋዝ የሚሠራው ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ደሴ፣ ለከፍታው ካልተስተካከለ በደንብ አይነድም። የእሱ ቱቦ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝም ስለሚያወጣ ቤት ውስጥ መልቀቁ ለክርክር አይቀርብም።

ተገጥሞ ሲያልቅ ማሽኑን አስነስተው ውጭ ወጥተው ይዩ። ክዳኑ በደንብ ተከፍቶ መቆየት አለበት። የሚርገበገብ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ማሽኑ ወደ ግድግዳው ሲገፋ ከኋላ ያለውን ቱቦ እንዳልጨፈለቀው ይመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ነው ኤልቦውን መፍታት።