የጣና ታንኳና የማለዳ ዓሣ ማስገር

የጣና ታንኳ ደንገል (ፓፒረስ) ከሚባል የውሃ ዳር ተክል ታስሮ የሚሠራ ቀላል ጀልባ ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ ላይ ለዓሣ ማስገር፣ ለሰው ማሻገሪያና ለማገዶ ማመላለሻ ያገለግላል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲበልጥ ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ይሆናል። ባለ ታንኳ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ረፋድ ላይ የሚመለሰው ስለዚህ ነው።

ሙያው ቀድሞ ጉማሬ በማደን ከሚታወቀው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለመሻገር የተነሣባት «ራ» የተባለች ጀልባ የታሰረችበት ደንገል ከጣና የተወሰደ ነው፤ ሠሪዎቿ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ።

ደንገሉ ከታጨደ በኋላ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ የገለባ ቀለም እስኪይዝ ይደርቃል። እርጥቡን ያሰረ ሰው ይጸጸታል፤ ግንዱ ሲደርቅ ስለሚቀጥን ማሰሪያው ይላላል። የታንኳው ፊት ሾሎ ወደ ላይ ይቀናል። የታችኛው ክፍል ውሃ ስለሚያስገባ ከውስጥ ሌላ ደረቅ እስር ይነጠፍና አስጋሪውም ዓሣውም እዚያ ላይ ይሆናሉ። የደንገል ልብ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ በመሆኑ ይንሳፈፋል፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ግን ይከብዳል። ታንኳው ከሥራ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። ቢጠነቀቁለትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው።

መረቡ ማታ ተዘርግቶ ያድራል፤ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይይዘዋል። ማለዳ የሚሳበው ነፋሱ ከሚሄድበት ጫፍ ተጀምሮ ወደ ነፋሱ ነው። በተቃራኒው ከተጀመረ ነፋሱ ታንኳውን ገና ያልተነሣው መረብ ላይ ይገፋዋል። ቀረሶ የተባለው ዓሣ በጉንጩ ተይዞ ሌሊቱን ስለሚሞት ፀሐይ ሳትጠነክር መነሣት አለበት። አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ እስከ ገበያ በሕይወት ይቆያል፤ ችግሩ ሲንፈራገጥ መረቡን መጠምዘዙና የጎኑ እሾህ በመረቡ ዓይኖች መካከል መቆለፉ ነው። ጎትቶ ከማውጣት እሾሁን ወደ አካሉ አጥፎ ወደ ኋላ መግፋት መረብ ያተርፋል።

እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ በልማት ፕሮግራም ገባ። ከዚያ በፊት የባሕር ዳርና የደሴቶቹ ገበያ በታንኳ ይሸፈን ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የተነጻጸሩ ናሙናዎች የነጭ ዓሣ ክምችት በ75 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይተዋል። በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ያሉት ወገን ሲሆን፣ ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። የመውረዱ ዋና ምክንያት በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ ነው የሚሉ አሉ፤ ደለልን የሚያነሡም አይጠፉም። በወንዞቹ ውስጥ በብርብራ ፍሬ ዱቄት ዓሣ ማደንዘዝም ቆየት ያለ ልማድ ነው። ያም ሆኖ ጥቂት ሜትር መረብ የሚዘረጋ ባለ ታንኳ ከሞተረኛው እኩል ሊጠየቅ አይገባም።

እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቷል። ነፋስ ሲገፋው እንደ ምንጣፍ ተያይዞ መረብ ላይ ይተኛል፤ ሥሩ ከመረቡ ዓይን ጋር ከተጠላለፈ መሳቡ ገመዱን ይበጥሳል። ያኔ ያለው ምርጫ ከታንኳው ላይ ሆኖ እምቦጩን በእጅ እየነቀሉ ወደ ኋላ መጣል፣ አለዚያም መረቡን ቆርጦ መተው ነው።