የጸደይ አበባ ስንመርጥ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሴፕቴምበር ሲጋመስ በአትክልት መሸጫዎች በር ላይ በመረብ የታሰሩ ከረጢቶች ይደረደራሉ። ላያቸው ላይ የቱሊፕ፣ የዳፎዲል፣ የሃያሲንት ፎቶ አለ። ውስጣቸው ያለው ግን የሽንኩርት ራስ የሚመስል ቡናማ ነገር ነው፤ ከዚህ በኋላ «ራስ» የምለው እሱን ነው። አብዛኞቻችን ፎቶውን አይተን እንገዛለን። ከዚያ ግማሹ አይወጣም፣ የወጣውን ሽኮኮ ይበላዋል፣ የተረፈው በሁለተኛው ዓመት ቅጠል ብቻ ይዞ ብቅ ይላል። «እጄ ለአበባ አይሆንም» የሚል ሰው ሞልቷል። እጁ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ነው ያለቀው።

ከታች ያሉት በአበሻ ቤት ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች ናቸው። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስለሆነ ምሳሌዬ ከዚያ ይበዛል። ቴክሳስም፣ እስራኤልም፣ አዲስ አበባም ላላችሁ ግን የሚሆን ነገር አለው።

«ጸደይ ሲገባ ገዝቼ እተክላለሁ»

ኤፕሪል ላይ የጎረቤት ቱሊፕ ሲፈካ ያምረናል። ሱቅ ስንሄድ የሚተከለው ራስ የለም። ያለው በማሰሮ በቅሎ ሊያብብ የደረሰ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም። በጸደይ የሚያብቡት የሚተከሉት ከብርዱ በፊት ነው። በእኛ አካባቢ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ መሆኑ ነው። አፈሩ ሳይጠነክር ሥር ይሰዳሉ፣ ብርዱን ከርመው ይወጣሉ።

ኦክቶበር ላይ አንድ የቱሊፕ ራስ በቢላ ለሁለት ብትሰነጥቁ መሐሉ ላይ ትንሽዬ አበባ ተጣጥፋ ታገኛላችሁ። የመጪው ጸደይ አበባ ከወዲሁ ተሠርታለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የምታዩት አበባ በአብዛኛው የአምራቹ ሥራ ነው። የእናንተ ቦታና ምርጫ የሚፈተነው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ከመሬት በታች ስንቅ ያለው ተክል ሁሉ ከብርዱ በፊት ይተከላል ማለት ግን አይደለም። ዳሊያንና አብዛኛውን ግላዲዮለስ ውርጭ ይገድላቸዋል። እነሱ የሚተከሉት በጸደይ ነው፣ የሚያብቡትም በሙቀቱ ወራት።

«ቱሊፕ አንዴ ከተተከለ በየዓመቱ ይወጣል»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

ቱሊፕን ሁላችንም የሆላንድ አድርገን እናስባለን። ሆላንድ አሳደገችው እንጂ አልወለደችውም። የዱር ቱሊፕ መነሻው የመካከለኛው እስያ ተራሮች ናቸው፤ እንደ ቲየን ሻንና ፓሚር ያሉት። ቀጥሎ ኦቶማን ቱርኮች ወደዱት፣ አራቡት። ላይደን በምትባለው የሆላንድ ከተማ፣ የእጽዋት ሊቁ ካሮሉስ ክሉሲየስ ባቋቋመው የአትክልት ስፍራ ውስጥ ያበበው በ1594 ነው። ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በትውልድ ቦታው ብርዱ ኃይለኛ፣ ጸደዩ አጭር፣ ሙቀቱ ወቅት ደግሞ ደረቅ ነው። ራሱ በደረቅ አፈር ውስጥ ተኝቶ ለመጪው ዓመት ይዘጋጃል።

የዲሲን ጁላይ ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ ያፍናል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛም ማታ ማታ ጎማ ይዘን እናጠጣለን። ቱሊፑ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ያልበሰበሰውም ሌላ ጣጣ አለበት። ቱሊፕ ካበበ በኋላ የተተከለው ራስ ራሱ ያልቅና ልጆቹ ይተኩታል። ልጆቹ ካልጠነከሩ አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ ያወጣሉ። አበባ የለም። «ቱሊፔን ምን ነካው?» የሚባለው ያኔ ነው። ምንም አልነካውም፣ ተፈጥሮው ነው።

ባለሙያዎቹም ይህን ስለሚያውቁ አይታገሉትም። ሆላንድ ሊሰ ውስጥ ያለው ዝነኛው የኩከንሆፍ የአበባ ፓርክ በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ያህል ራስ በእጅ ያስተክላል። በየዓመቱ፣ እንደ አዲስ። እኛ ያንን ፎቶ አይተን አሥራ ሁለት ራስ እንተክልና ለአሥር ዓመት እንጠብቃለን።

ቱሊፕ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ከሆነ ግን ምርጫው አለ። ዳርዊን ሃይብሪድ የሚባለው ወገን፣ ለምሳሌ ቀዩ አፔልዶርን፣ ከሌሎቹ ይልቅ ለጥቂት ዓመታት ይመላለሳል። ነጩ ፑሪሲማም እንዲሁ። ከሁሉም የሚበረቱት ለዱሩ የቀረቡት ትንንሾቹ ናቸው፤ ክሉሲያና እና ታርዳ በሚል ስም ይሸጣሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ሰው «ይሄም ቱሊፕ ነው?» ይላል። ግን ውሃ በማይቋጥር፣ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ተመልሰው ይወጣሉ። ፓሮት የሚባለው ባለ ጥብጣብ ቱሊፕና ድርብርቡ ግን የአንድ ዓመት ጌጥ ናቸው ብላችሁ ግዙ።

በየዓመቱ የሚመለስና እየበዛ የሚሄድ የፈለገ ዳፎዲል ይግዛ። ካርልተን፣ አይስ ፎሊስ፣ ትንሹ ቴት-አ-ቴት፤ እነዚህ አያሳፍሩም። በኔ ሐሳብ ለግቢ ከያዛችሁት ገንዘብ ሁለት ሦስተኛው ለዳፎዲል ቢውል አትቆጩም። ቱሊፑን በቀረው አጊጡበት።

«ራስ ራስ ነው፤ ርካሹን ነው መያዝ»

መጠን እዚህ ቁም ነገር ነው። የራስ መጠን የሚለካው በዙሪያው ነው፣ በሴንቲሜትር። ቱሊፕ ሲሆን «12 እና ከዚያ በላይ» የሚል ካያችሁ አንደኛ ደረጃ ነው። ርካሹ ከረጢት ላይ ብዙ ጊዜ 10/11 (ከ10 እስከ 11 ሴንቲሜትር ማለት ነው) ወይም ከዚያ በታች ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ መነጽር ያስፈልጋል። ትንሽ ራስ ማለት ትንሽ ስንቅ ነው። አበባው ያንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል።

ይህ የሚሠራው ግን አንዱን ዓይነት ከራሱ ዓይነት ጋር ስታወዳድሩ ነው። ታርዳ ቱሊፕ በተፈጥሮው ትንሽ ነው፣ ክሮከስም እንዲሁ። እነሱን ከአፔልዶርን አጠገብ አስቀምጦ «ደቃቃ ነው» ማለት ጤፍን ከባቄላ እንደማወዳደር ነው።

አንድ ለየት የሚል ደግሞ አለ፤ ሃያሲንት። ትልቁ፣ 18/19 የሚባለው፣ ቤት ውስጥ በብርጭቆ ለማሳደግ ግሩም ነው። ደጅ ግን አበባው ከመክበዱ የተነሳ አንድ ዝናብ ሲመታው መሬት ይተኛል። ለደጅ 14/15 ወይም 15/16 ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ስትተክሉት ጓንት አድርጉ፤ ቆዳን ያሳክካል።

ሱቅ ውስጥ ጫን አድርጋችሁ ዳሱት። ጠንካራና ክብደት ያለው ይሁን። የሚሰረጉድ ወይም እንደ ደረቀ ነጭ ሽንኩርት የቀለለ ከሆነ ተዉት። ቡናማው ቆዳ ቢላላጥ ግን ችግር የለውም።

«ሰማያዊ ቱሊፕ ዘር ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ»

አላገኛችሁም። እውነተኛ ሰማያዊ ቱሊፕ የለም። ብሉ ፓሮት፣ ብሉ ዳይመንድ የሚባሉት ሁሉ ሐምራዊ ናቸው። ጥቁር ተብሎ የሚታወቀው ኩዊን ኦፍ ናይትም ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል፤ ያም ሆኖ ቆንጆ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው የባለ ቀስተ ደመና ቀለም ቱሊፕ ፎቶም የኮምፒውተር ሥራ ነው።

ዘር መሆኑም ሌላ ምልክት ነው። ቱሊፕ ከዘር ተነሥቶ እስኪያብብ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ለቤት የሚገዛ ሰው ዘር ምን ያደርግለታል? ሻጩ እስከዚያ የት ይገኛል?

በመልክ መታለል ደግሞ አዲስ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዶች ገንዘባቸውን ያፈሰሱባቸው ዥጉርጉር ቱሊፖች፣ በ1637 ገበያቸው እስኪወድቅ ድረስ የቤት ዋጋ ያወጡ ነበር። ያንን መስመር የሚሠራው ክሽክሽ በሚባሉ ደቃቅ ነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ ነበር። ሰዉ የታመመ ተክል ነበር የሚሻማው። ዛሬ የሚሸጡት ዥጉርጉሮች ግን ያለ በሽታው የተዳቀሉ ናቸው፤ እነሱን ያለ ሐሳብ ግዙ።

«ሽኮኮና አጋዘን ባለበት መትከል ከንቱ ድካም ነው»

ቱሊፕና ክሮከስ ከሆነ፣ አዎ፣ ግብዣ ነው። ሽኮኮ የተቀበረውን ራስ ቆፍሮ ያወጣል፣ አጋዘን እንቡጡን ይቀጥፋል። ዳፎዲልን ግን አይነኩትም። ላይኮሪን የሚባል መርዝ አለው። ስኖድሮፕም መርዛም ነው፤ ባለ ክብ አበባው አሊየም ደግሞ የሽንኩርት ወገን ስለሆነ ሽታው ያባርራቸዋል። ቱሊፑን ካልተከልሁ የሚል ሰው ቀዳዳው ጠበብ ያለ የሽቦ ወንፊት አፈሩ ላይ አንጥፎ ይቅበረው፤ ቡቃያው በቀዳዳው ይወጣል።

መርዙ ለእኛም መርዝ ነው። የዳፎዲል ራስ ሽንኩርት መስሏቸው አብስለው የታመሙ ሰዎች አሉ። በእኛ ቤት ሽንኩርት ምን ያህል እንደሚከተፍ ታውቃላችሁ፤ ከረጢቱን ኩሽና አታስቀምጡ። እንግዳ መጥቶ ወጥ ልሥራ ቢል በምን ያውቃል?

«የአዲስ አበባ ብርድ ለቱሊፕ ይበቃዋል»

ለቤተሰብ ስጦታ ብለው ሻንጣ ውስጥ የሚከቱ አሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቷ ያንቀጠቅጣል። ቱሊፕ የሚፈልገው ብርድ ግን የሌሊት ብቻ አይደለም። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ሳያቋርጥ ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየት አለበት፤ ያለዚያ ግንዱ አይረዝምም፣ አበባው ታፍኖ ይቀራል። በአዲስ አበባ ቀን ላይ ፀሐይዋ ትወጣና አፈሩን ታሞቀዋለች።

መፍትሔው ፍሪጅ ነው። ሂዩስተንና ሎስ አንጀለስ ያላችሁም የምትጠቀሙት ይህንኑ ነው። ራሱን በወረቀት ከረጢት አድርጎ ቢያንስ 12 ሳምንት ማቆየት፣ ከዚያ አውጥቶ ወዲያው መትከል። ከፖምና ከሙዝ ጋር አንድ ላይ እንዳታስቀምጡት ብቻ። የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ ውስጡ ያለችውን አበባ ይገድላታል። ይህን ሁሉ ለፍታችሁ የምታገኙት የአንድ ጊዜ አበባ ነው። ደግሞም ወደ ኢትዮጵያ ሕይወት ያለው ተክል ለማስገባት ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሻንጣ ውስጥ ሸጎጥ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ብርድ የማይጠይቁ እያሉ ለምን እንደክማለን? አማሪሊስ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ብርድ አይፈልግም። ፔፐርዋይት የሚባለው ነጭ ናርሲስም እንዲሁ፤ ጠጠርና ውሃ ባለበት ሳህን ላይ እንኳ ያብባል፣ ዱባይ ያለ ሰውም ቤቱ ውስጥ ይሞክረው። የእሱ የቅርብ ዘመድ እስራኤል ውስጥ በዱር የሚበቅል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን የራሳችንን አለማወቃችን ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» ተብሎ የሚሸጥ አለ። ነጭ ነው፣ ጉሮሮው ጥቁር ቀይ፣ ማታ ላይ ሽታው ያውዳል። የኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው። ውርጭ ካለፈ በኋላ ይተከላል፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ያብባል፤ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል ማለት ነው። ብርዱ ሳይገባ አውጥታችሁ ደረቅ ቦታ ታከርሙታላችሁ። የጸደይ አበባ አይደለም፣ ግን በዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ይህን ነው የምለው።

«ዛፍ ሥር ምንም አይሆንም»፣ «ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚያብበው»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ሥር ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ጥላ የለም። ስኖድሮፕ፣ ክሮከስና ሰማያዊዋ ሲላ ዛፉ ሳይለብስ አብበው ይጨርሳሉ። የጠየቃችሁትን ሰማያዊ እዚህ አገኛችሁት። እነሱን ተከትሎ ዳፎዲል፣ ከዚያ ኤፕሪል ላይ ቱሊፕ፣ ሜይ ላይ አሊየም ይመጣል። ከረጢቱ ላይ «ቀደምት፣ መካከለኛ፣ ዘግይቶ» የሚል ምልክት አለ። ከእያንዳንዱ ብትይዙ ሦስት ወር አበባ አላችሁ።

ቦታ ስትመርጡ ቅጠሉንም አስቡት። አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ቢጫ እስኪሆን፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ መቆረጥ የለበትም፤ የመጪውን ዓመት ስንቅ የሚሠራው እሱ ነው። ሣር መሐል ክሮከስ የተከለ ሰው ማጨጃውን ትንሽ ያቆያል። ይህን የማይታገሥ ባል ወይም አከራይ ያለበት ቤት ዳር ዳሩን ይትከል።

«ዲሴምበር ገባ፣ አለፈኝ»

አላለፋችሁም። አካፋው አፈሩን ከወጋው ይተከላል። ቱሊፕማ ዘግየት ብሎ መተከሉ ይጠቅመዋል፤ ቅጠሉን የሚያቃጥለው የፈንገስ በሽታ በቀዝቃዛ አፈር ይደክማል። ዳፎዲል ነው ቀደም ማለት የሚወደው። በዚህ ሰዓት ደግሞ ሱቆች የተረፈውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ፤ እየዳሰሳችሁ ጠንካራውን ምረጡ። የራሱን ቁመት ሦስት እጥፍ ቆፍሩ፣ ለቱሊፕና ለዳፎዲል 15 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርጉ። ጫፉ የቱ እንደሆነ ካልለያችሁ በጎኑ አስተኙት፤ መንገዱን ራሱ ያገኛል። ጋራዥ ውስጥ የተረሳ ከረጢት ካላችሁ ለመጪው ዓመት አይቆይም፤ መሬቱ በብርዱ ካልጠነከረባችሁ ዛሬውኑ ቅበሩት።