ሶሻል ወርክ በጎጃም ትምህርት ቤቶች

የትምህርት ቤት ሶሻል ወርክ ተማሪው ከክፍል ውጭ ባለ ችግር ከትምህርቱ እንዳይሰናከል የሚሠራ ሥራ ነው። ባለሙያው አያስተምርም፣ አይቀጣም። ልጁ ለምን ቀረ? ምን በልቶ መጣ? የት ያድራል? ብሎ ይጠይቃል። ካስፈለገ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ጎጃም ውስጥ ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው በሌላ ስም የሚጠሩ ሰዎች ናቸው፦ የክፍል ኃላፊ መምህር፣ ዩኒት ሊደር፣ የሴቶች ክበብ አስተባባሪ፣ ካለም ካውንስለር።

ሙያው በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 እና 1907 በኒው ዮርክ፣ በቦስተንና በሃርትፎርድ «ጎብኚ መምህራን» የተባሉ ሰዎች ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱ ነበር። በአገራችን በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ጊዜ ከሶሺዮሎጂ ጋር ተቀላቅሎ ስሙን አጣ። ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ተመለሰ። ዛሬ ለጎጃም ቅርብ የሆኑት የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም ያስተምሩታል።

ነገሩ ግን ለጎጃም ባዕድ አይደለም። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናቸው። ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሽ የሚሰጠው የመንደሩ ሰው ነው። ሲታመም የሚያስታምመው ጓደኛው ነው፤ ሲከፋው የሚያጽናኑት የኔታ ናቸው። ይህን ሶሻል ወርክ ማለት ይቻላል ወይ የሚል ክርክር ይነሳል። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

በንጉሡና በደርግ ዘመን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ቤትንና ክፍልን ያገናኝ የነበረው «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ነበር።

በደንብ የተመዘገበው ያለዕድሜ ጋብቻ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ሠርግ ግን የራሱ ወቅት አለው። ጥር ሲገባ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ የሴት ልጆች መቅረት ዓይን ውስጥ ይገባል። ልጅቷ ለምታምናት መምህርት ሹክ ትላለች። ከዚያ ወሬው ለርዕሰ መምህሩ፣ ለቀበሌው፣ ለወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይደርሳል፤ አንዳንዴም ለፖሊስ። ዕድሜዋ ካከራከረ ጤና ተቋም ትላካለች። ምርመራው ዕድሜን በትክክል ያሳያል አያሳይም የሚለው አልተቋጨም። ወላጅም ብልጠት አያጣም፤ ሠርጉን ተዝካር ወይም ማኅበር አስመስሎ የደገሰ አለ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቀው ሞሰቦ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ፕሮግራም እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ከክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ጋር ሆኖ ነው። ልጅቷ ሳትዳር ሁለት ዓመት ከቆየች ቤተሰቡ በግ ያገኝ ነበር። ለትምህርት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጥ ነበር። ከትምህርት ውጭ ያሉትን የሚሰበስቡ ሴት አስተባባሪዎች ነበሩ፤ ከኅብረተሰቡ ጋርም ውይይት ይካሄድ ነበር። በግምገማው ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ሴቶች ያለ ፕሮግራሙ ከቆየው አጎራባች ቀበሌ ልጆች ይልቅ በብዛት በትምህርት ላይ ተገኙ፤ ጋብቻውም በእጅጉ ቀነሰ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ በፕሮግራሙ አካባቢ ያሉት የበለጠ አግብተው ተገኙ። ምናልባት ትንሽ ቆይተው መዳራቸው ራሱ ለውጥ ይሆናል። ቢሆንም በጉ ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ሞሰቦ አሳይታለች። ለጎጃም ግን ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ስንቅ ነው። ከገጠር መጥተው ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም ቢቸና ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ አገር ቤት ሄደው በሶና እንጀራ ይዘው ይመለሳሉ። ሐሙስ ላይ ስንቅ ያልቃል። ዓርብ የሚቀር ልጅ ሰነፍ ሊሆን ይችላል፤ ርቦትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው የኪራይ ቤቱን ያየ ሰው ነው። ሴቶቹ ደግሞ ያለ ወላጅ ጥበቃ ስለሚያድሩ ለትንኮሳ ይጋለጣሉ። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ወንዶቹ ይጎድላሉ፤ ወደ መተማና ሑመራ የሰሊጥ ሥራ የሚሄዱም አሉ።

ካውንስለርና ሶሻል ወርከር አንድ ናቸው ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። አይደሉም። ካውንስለሩ ቢሮው ሆኖ የተማሪውን ጭንቀት ያደምጣል፤ ሶሻል ወርከሩ ግን አከራዩን፣ አጎቱን፣ ቀበሌውን፣ የዕድሩን ዳኛ ሳይቀር ያነጋግራል። በተግባር ሁለቱን አንድ መምህር ደርቦ ሲሠራ ይታያል፤ ክላሱንም ሳይተው።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ የተነሳው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ሲከፈቱም የተመለሰው ተማሪ ሁሉ አይደለም፤ የተመለሰውም ብዙ አይቶ ነው የመጣው። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቆመው የቤት ለቤት ጉብኝት ነው። ያኔ የቀረው መንገድ ስልክ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ሲኖር።