አቮካዶ ነገ የት ይበቅላል? የአመቺነት ካርታ ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

አየር ንብረቱ ሲለወጥ አቮካዶ የት የት ሊበቅል እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ጥሩ መነሻ ነው። ተሳስቶ ከተነበበ ግን ገበሬውን የዓመታት ድካም ያስከፍለዋል፤ የተዳቀለ ችግኝ እንኳ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል።

«አየሩ ከሞቀ ደጋው ሁሉ ለአቮካዶ ይሆናል»

ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ለዛፉ የሚስማማው አማካይ ሙቀት ወደ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣቱ እውነት ነው። አቮካዶን የሚገድለው ግን አንድ የውርጭ ሌሊት ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ቀዝቃዛ አየር ከተዳፋቱ ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ሃስ የተባለው ዝርያ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቃጠላል፤ አበባውና ለጋ ችግኙ ከዚያም ቀድመው ይጎዳሉ። ዛሬ የሚተከል ችግኝ የዘንድሮን ውርጭም የእ.ኤ.አ. 2050ን ሙቀትም ማለፍ ስላለበት፣ በሁለቱም ዘመን ካርታ አመቺ የሆነውን ቦታ ብቻ ምረጡ። ከዚያ መንደሩን ጠይቁ፦ ድንች በአንድ ሌሊት የሚጠቁረው የትኛው ማሳ ላይ ነው? እዚያ አትትከሉ።

«ካርታው የእኔን ማሳ ያሳያል»

አያሳይም። ብዙዎቹ ካርታዎች የሚሠሩት እንደ ወርልድክሊም ባለ ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት መረጃ ሲሆን መረጃው የተከፋፈለበት የአንዱ ካሬ ጎን ወደ 1 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በእኛ ተራራማ አገር በዚያ ካሬ ውስጥ የ300 ሜትር ከፍታ ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ይህም ወደ 2 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ነው።

«ነጥብ በበዛ ቁጥር ካርታው ይታመናል»

አቮካዶ የተገኘባቸውን ቦታዎች የሚያሳዩት የጂፒኤስ ነጥቦች በመንገድ ዳርና በችግኝ ጣቢያ ዙሪያ ከተከማቹ፣ ካርታውን የሚሠራው የኮምፒውተር ሞዴል የሚማረው የመንገዱን አየር ነው። ከአንድ ካሬ አንድ ነጥብ ብቻ አስቀሩ። በመስኖ የሚጠጡትን ዛፎች ለይታችሁ አውጡ፤ አለበለዚያ ሞዴሉ ዝናብ አጠሩን ቆላ አመቺ ይለዋል። ሲፈተንም አንድን ዞን በሙሉ ደብቃችሁ፣ በቀረው አሠልጥናችሁ፣ የተደበቀውን በትክክል ይገምት እንደሆነ እዩ።

«0.8 ማለት 80 በመቶ ምርት ነው»

ካርታው ለየቦታው የሚሰጠው የአመቺነት ቁጥር አየሩ ዛፉ ከሚገኝባቸው ቦታዎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ይናገራል እንጂ ስለ ኩንታል አያወራም።

«ካርታው ላይ አረንጓዴ ከሆነ መትከል ነው»

የአየር ንብረት ካርታ አፈር አያውቅም። ሥሩ በአብዛኛው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስለሚቀር ውሃ በሚያቁር መረሬ ላይ ፋይቶፍቶራ የተባለው ተህዋስ ያበሰብሰዋል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ አንሶ፣ ገርጥቶ፣ ዛፉ የተጠማ ይመስላል። ስለዚህ ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉና አሳድሩት። ጠዋት እንደገና ሞልታችሁ በሰዓት ስንት እንደወረደ ለኩ። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቦታው ውሃ ያቁራል። ሌላ ማሳ ከሌለ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ቀዶ መትከል ይሻላል።